በመንግሥት ወይስ በቦርድ? የሁለት የምርምር ተቋማት አመራር

አራት ኪሎ ማኪያቶ ይዘን ከአንድ ተመራማሪ ጓደኛዬ ጋር ስናወራ ክርክር ተነሳ። የግብርና ምርምርን ማን ቢመራው ይሻላል?

አንደኛው መንገድ የኢትዮጵያ ግብርና ምርምር ኢንስቲትዩት ነው። እ.ኤ.አ. በ1966 ተቋቋመ። በጀቱ በዋናነት ከመንግሥት ነው፤ ዋና ዳይሬክተሩንም የሚሾመው መንግሥት ነው። የዚህ ጥቅሙ ቀላል አይደለም። አገር ስንዴ ሲቸግራት ምርምሩ ወደ ስንዴ ይዞራል። ከኢንስቲትዩቱ የደብረ ዘይት ማዕከል የወጣው «ቁንጮ» የተባለው የጤፍ ዝርያም በግብርና ኤክስቴንሽን በኩል ብዙ ገበሬ ማሳ ደርሷል። የሚያሳስበኝ ሌላ ነው። አንድ ዝርያ ለማውጣት አሥር ዓመት ገደማ ይፈጃል። ሹም በተቀየረ ቁጥር ቅድሚያው ከተቀየረ የስንት ዓመት ልፋት ሜዳ ላይ ይቀራል!

ሁለተኛው ዓለም አቀፉ የእንስሳት ምርምር ኢንስቲትዩት ነው። እ.ኤ.አ. በ1994 የአዲስ አበባውና የናይሮቢው የእንስሳት ምርምር ማዕከላት ተዋህደው ተፈጠረ። የበላይ አካሉ ከተለያዩ አገሮች የተውጣጣ ቦርድ ነው። ዋና ዳይሬክተሩን የሚቀጥረው ቦርዱ፣ የሚጠይቀውም ቦርዱ ነው። ገንዘቡ ግን በአብዛኛው ከለጋሾች ይመጣል። ፕሮጀክት ሲያልቅ ሥራውም አብሮ ሊቆም ይችላል።

ጓደኛዬ የመጀመሪያውን ይመርጣል። «የራስ በጀት የራስ ነው» ይላል። እኔ ወደ ቦርዱ አደላለሁ፤ ዳይሬክተር ሲያጠፋ ማን እንደሚጠይቀው በግልጽ ይታወቃላ። ብቻ ከቦርዱ ወንበሮች ሁለቱን ለገበሬና ለአርብቶ አደር እሰጥ ነበር።