ዘጠኝ ወር ከአንድ ራውተር ጋር፦ ጎረቤት ሳላስቀይም ዋይፋዬን የቆለፍኩበት መንገድ

ራውተሩን የገዛሁት ባለፈው ታኅሣሥ ነው፣ የጥምቀት እንግዳ ከመግባቱ በፊት። ጎንደር የኖረ ሰው ይሄ ምን ማለት እንደሆነ ያውቃል። ጥር ሲገባ ቤትህ የአንተ አይደለም። ከአዲስ አበባ፣ ከባሕር ዳር፣ አንዳንዴም ስሙን በቅጡ የማታውቀው የዘመድ ዘመድ ይመጣል፣ ሳሎን ውስጥ ፍራሽ ይነጠፋል፣ እንግዳው ገና ጫማውን ሳያወልቅ የሚጠይቀው ደግሞ "ዋይፋይ አለ?" ነው። አሮጌው ራውተር ከአራት ስልክ በላይ ሲገናኝበት ይጨንቀው ነበር። ስለዚህ ፒያሳ ሄጄ አራት አንቴና ያለው፣ በ2.4ም በ5ም ጊጋኸርትዝ የሚሠራ አንዱን በ5,800 ብር ገዛሁ። የአምራቹን ስም አልጠራም። ላስተዋውቀውም ላማውም አልፈልግም፣ ደግሞም የምነግራችሁ ነገር አብዛኛው በየትኛውም ራውተር ላይ ያለ ነው።

ስለ ዕቃው ባጭሩ፦ ጥሩ ነው። ይሞቃል ግን እስካሁን ቀጥ ብሎ አያውቅም። በ12 ቮልት ስለሚሠራ ከትንሽ ዩፒኤስ ጋር አገናኝቼው መብራት ሲሄድ ሦስት ሰዓት ያህል ያቆየኛል። ቤታችን አራዳ አካባቢ ያለ የድሮ ቤት ነው፣ ግድግዳው ድንጋይ በጭቃ፣ ውፍረቱ ክንድ ያህላል። 5ቱ ጊጋኸርትዝ ከሳሎን ወደ ጓዳ እንኳ አይሻገርም፣ 2.4ቱ ግን ግድግዳውን አልፎ መንገድ ድረስ ይወጣል። ይሄ የሞገዱ ጠባይ ነው፣ ራውተሩን አልወቅስበትም። መንገድ ድረስ መውጣቱ ነው ጣጣ ያመጣው።

የገጠመልኝ ልጅ የዋይፋዩን ፓስወርድ የራሴን ስልክ ቁጥር አደረገው። "እንዳይረሳ ነው" አለኝ። እኔም ደስ አለኝ፣ ግማሹ የከተማ ሰው እንደዚህ ነው የሚያደርገው። ወደ ሴቲንጉ መግቢያውን ደግሞ ስሙንም ፓስወርዱንም "አድሚን" ብሎ ተወው። ጥምቀት አለፈ፣ እንግዳ ሄደ፣ ማንም ምንም አላሰበም።

መጋቢት ላይ አንድ ጠዋት ስልኬን ሳነሳ የእኛ ኔትወርክ የለም። በቦታው "ቡና አፍሉልን" የሚል አዲስ ስም ተቀምጧል። እኔ ሳቅኩ። ባለቤቴ አልሳቀችም። "ይህን የጻፈ ሰው ሌላስ ምን ያያል?" አለችኝ። ኮምፒውተሩን ከፍቼ ብራውዘሩ ላይ የራውተሩን አድራሻ 192.168.0.1 ብዬ ገባሁና የተገናኙትን ዝርዝር አየሁ። ቤት ውስጥ አምስት ነን። ዝርዝሩ ላይ 23 ዕቃ አለ። የእኔን ስልክ አወቅኩት፣ የእሷን፣ ቴሌቪዥኑን፣ የልጆቹን ታብሌት። የቀረው ስሙን አይቼ የማላውቀው የስልክ ዓይነት ነው፣ አንደኛው ባለቤቱ ራሱ "ንጉሡ" ብሎ ሰይሞታል። ማታ ማታ ከአጥራችን ሥር ድንጋይ ላይ ተደርድረው ፊታቸው በስልክ ብርሃን የሚያበራ ልጆች ነበሩ። አየሩን ሊወስዱ የወጡ ይመስለኝ ነበር።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚያምታታውን ልንገራችሁ፣ እኔም አምታትቼዋለሁና። ፓስወርዱ ሁለት ነው። አንዱ ዋይፋይ ውስጥ የሚያስገባ ነው፣ እንደ ጊቢ በር ቁልፍ። ሌላው ሴቲንጉን የሚከፍት ነው፣ እንደ ሣጥን ቁልፍ። ጊቢ የገባ ሁሉ ሣጥኑን መክፈት የለበትም። "አድሚን" እና "አድሚን" ብለህ ከተውከው ግን ሣጥኑ ክፍት ነው። እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ2016 ሚራይ የተባለው ቫይረስ በመቶ ሺዎች የሚቆጠሩ ካሜራዎችንና ራውተሮችን የያዘው በሌላ ጥበብ አልነበረም፣ ከፋብሪካ የመጡትን ስምና ፓስወርዶች እየሞከረ ነው። እኔ ቤት የገባው የሰፈር ልጅ ነው፣ ያውም ቡና የሚወድ። ተመስገን ነው።

ስልክ ቁጥሩስ? 10 አሃዝ ነው፣ መጀመሪያ 09 እንደሚሆን ማንም ይገምታል፣ የሚቀረው 8 አሃዝ ነው፣ ማለትም 100 ሚሊዮን አማራጭ። ብዙ ይመስላል አይደል? ግን ስልክህ ከራውተሩ ጋር ሲገናኝ የሚለዋወጡትን ሰላምታ ከአየር ላይ ቀድቶ ቤቱ የሚወስድ ሰው ራውተሩን ደግሞ ማስቸገር አያስፈልገውም፣ ኮምፒውተሩ ላይ ቁጭ ብሎ ይሞክራል። ጥሩ ግራፊክስ ካርድ ካለው የደቂቃዎች ሥራ ነው። ለሰፈሩ ልጆች ደግሞ ይሄም አላስፈለጋቸው፣ ስልክ ቁጥሬን ማን የማያውቅ አለ።

አዲሱን ፓስወርድ አራት የማይገናኙ የአማርኛ ቃላት አደረግኩት፣ በላቲን ፊደል፣ ምክንያቱም ራውተሩ የእኛን ፊደል አይቀበልም። ለምሳሌ "ምጣድ ጭላዳ ሐሙስ ጃንጥላ" ዓይነት ነገር (የእኔ ይሄ አይደለም፣ አትልፉ)። እስከ 63 ፊደል ይፈቅዳል። ልጆቹ በአንድ ቀን በቃላቸው ያዙት። የሣጥኑን ፓስወርድ ደግሞ ለየብቻ ቀይሬ ወረቀት ላይ ጽፌ ራውተሩ ሆድ ላይ ሳይሆን ቁምሳጥን ውስጥ አስቀመጥኩ።

ቀጥሎ ደብሊውፒኤስን አጠፋሁ። ከራውተሩ ጀርባ ያለችው ስትጫን ያለ ፓስወርድ የምታገናኘው ቁልፍ ናት። ቁልፏ ባትከፋም አብሯት የሚመጣው ስምንት አሃዝ ቁጥር ክፉ ነው። የመጨረሻው አሃዝ ከሌሎቹ የሚሰላ ነው፣ ራውተሩ ደግሞ ቁጥሩን ለሁለት ከፍሎ ነው የሚያረጋግጠው፣ ስለዚህ መሞከር ያለበት 100 ሚሊዮን ሳይሆን 11,000 ብቻ ይሆናል። ይሄ እንደ ፈረንጆች በ2011 የታወቀ ጉዳይ ነው፣ የእኔ ራውተር ግን እስካሁን በርቶ ነው ከካርቶን የወጣው። ይሄንን አልወደድኩለትም።

አሁን ወደ ከባዱ ነገር። ፓስወርዱን በቀየርኩ በማግስቱ ጎረቤታችን እትዬ በር ላይ ቆሙ።

"አንተ ልጅ፣ ምነው ከፋህብን?"

"ኧረ እትዬ፣ ለደኅንነት ብዬ ነው..."

"ከእኔ ነው የምትደነግጠው?"

ምን ልበል? የሞባይል ዳታ ተዘግቶ በነበረበት ጊዜ ዋይፋይ ያለው ቤት የሰፈሩ ፖስታ ቤት ነበር። እትዬ ዓረብ አገር ካለች ልጃቸው ጋር የተነጋገሩት እኛ ሳሎን ቁጭ ብለው ነው። ያኔ በየቀኑ ሰው እየመጣ ፓስወርድ ሲወስድ ማንም እንደ ውለታ አልቆጠረውም፣ እሳት እንደ መጫር ነበር። ያንን ሰው ዛሬ "አይሆንም" ማለት ለእኔ አይመጣልኝም።

መፍትሔው ያን ያህል ወር ሳላያት የኖርኩት ጌስት ኔትወርክ የምትባል ነገር ናት። ራውተሩ ሌላ ስምና ሌላ ፓስወርድ ያለው ሁለተኛ ዋይፋይ ይከፍታል። እዚያ የገባ ሰው ኢንተርኔት ያገኛል፣ የእኛን ኮምፒውተርና ፕሪንተር አያይም፣ እንግዶቹም እርስ በርስ አይተያዩም። ወደ ሴቲንጉም አይደርስም። ለእትዬ፣ ለእንግዳ፣ አጥር ሥር ለሚቀመጡትም ያንን ሰጠሁ። ከዘጠኙ ወር ለእኔ ትልቁ ጥቅም ይሄ ነው። አንድ የጎደለው ነገር የፍጥነት ጣሪያ ነው፣ ይሄ ራውተር ለእንግዳው ኔትወርክ ገደብ ማበጀት አይችልም፣ እሑድ ማታ ኳስ ሲኖር እኛ ራሳችን እንጎተታለን።

ለእሱ ብዬ የሰዓት ገደብ ላበጅለት አሰብኩ። ሌሊት 5 ሰዓት ይዘጋ፣ ጠዋት 12 ይከፈት። ገባሁና 5:00 እና 12:00 ብዬ ሞላሁ። የገመታችሁ ገመታችሁ። ራውተሩ የፈረንጅ ሰዓት ነው የሚያውቀው፣ ስለዚህ ከንጋቱ 11 ሰዓት ዘግቶ ቀን 6 ሰዓት ላይ ከፈተ። ጠዋት ሙሉ በሩ ሲንኳኳ ዋለ። ትክክለኛው 23:00 እና 6:00 ነበር። ደግሞ ውስጡ ባትሪ የለውም፣ ዩፒኤሱም አልቆ ሲጠፋ ሰዓቱን ይረሳል፣ ከኢንተርኔት እስኪያስተካክል ገደቡ አይሠራም። ልጆቹ ይሄን ከእኔ ቀድመው ነው ያወቁት።

ፈርምዌሩን፣ ማለትም ራውተሩ የሚሠራበትን የውስጥ ሶፍትዌር፣ አንዴ አፕዴት አድርጌያለሁ፣ ግንቦት ላይ። ብዙ ሰው ይተወዋል፣ ግን ቀዳዳ የሚደፈነው በዚያ ነው። እንደ ፈረንጆች በ2017 ማቲ ቫንሆፍ የሚባል ቤልጂየማዊ ተመራማሪ ዋይፋይን በሚቆልፈው ደብሊውፒኤ2 በሚባለው ስልት ላይ ያገኘው ቀዳዳ የተደፈነው በአፕዴት ነው። መሀል ላይ መብራት ቢሄድ ግን ራውተሩ ጡብ ሆኖ ሊቀር ይችላል። ዩፒኤሱን ሙሉ ቀን ቻርጅ አድርጌ፣ ኮምፒውተሩን በገመድ አገናኝቼ፣ ማንም እንዳይነካው ብዬ በሩ ላይ ቆሜ ነው የጨረስኩት። አራት ደቂቃ ፈጀ። ሴቲንጉ አልጠፋም።

አዲሱን መቆለፊያ ደብሊውፒኤ3ንም ሞከርኩት። የእናቴ ስልክና ቴሌቪዥኑ አሻፈረን አሉ። 5ቱን ጊጋኸርትዝ በደብሊውፒኤ3፣ 2.4ቱን በደብሊውፒኤ2 አድርጌ አስማማኋቸው፣ የድሮውን ደካማ መቆለፊያ ደብሊውኢፒን ግን አማራጭ ውስጥ ካያችሁት አትንኩት። የኔትወርኩን ስም መደበቅ አልሠራሁበትም፣ ስሙ በነፃ በሚገኝ የኮምፒውተር ፕሮግራም ይታያል፣ የሚቸገረው የራስህ እንግዳ ነው። በማክ አድራሻ፣ ማለትም በየዕቃው መለያ ቁጥር፣ ስልክ እየመረጡ ማስገባትም እንደዚያው፣ የዛሬ ስልኮች አድራሻቸውን ራሳቸው ይቀያይራሉ። ከውጭ በኢንተርኔት ሴቲንግ መክፈቻውን አየሁት፣ ጠፍቶ ነበር፣ እንዳለ ተውኩት።

እንደገና ብገዛ ይሄንኑ እገዛ ነበር? ምናልባት፣ ያቺን የፍጥነት ገደብ የያዘ በተቀራራቢ ዋጋ ካላገኘሁ። አሁን ዝርዝሩን አልፎ አልፎ አየዋለሁ። በቤቱ በኩል ዘጠኝ ዕቃ ነው፣ ሁሉንም አውቃቸዋለሁ። "ንጉሡ" እንግዳው በኩል አለ፣ ማን እንደሆነ እስካሁን አልጠየቅኩም።

ለመጪው ጥምቀት ደግሞ የእንግዳውን ዋይፋይ በካሜራ የሚነበብ ኮድ አድርጌ አሳትሜ ከረከቦቱ በላይ ግድግዳው ላይ ለጥፌዋለሁ። እትዬ ባለፈው እሑድ ቡና ሊጠጡ መጥተው ጥቁርና ነጭ ዝንጉርጉሩን ትኩር ብለው አዩትና "ይሄ ደግሞ የምን ክታብ ነው?" አሉኝ።