ማስጠንቀቂያ፦ የክሎቨር ዘር ልትገዙ ከሆነ ታጉን (ከረጢቱ ላይ የተሰፋችውን የይዘት ወረቀት) ሳታነቡ እንዳትከፍሉ

ቨርጂኒያና ሜሪላንድ ያላችሁ፣ አጋዘን እንዲመጣላችሁ ክሎቨር (አገር ቤት ማገጥ የምንለው ዓይነት) የምትዘሩ፣ አደን የምትወዱ ወገኖች፣ አሁን ከሱቁ መመለሴ ነው፣ ንዴቴ ሳይበርድ ነው የምጽፍላችሁ።

ሱቆቹን ታውቋቸዋላችሁ፣ ከከተማ ወጣ ስትሉ መንገድ ዳር ያሉት የመኖና የዘር ሱቆች፣ ግድግዳው በሙሉ የአጋዘን ቀንድ፣ ሻጩ ደግሞ ገና ስትገቡ "ማይ ፍሬንድ" እያለ ትከሻችሁን መታ መታ የሚያደርግ።

እኔ እኮ የድርሻዬን ጨርሼ ነው የሄድኩት። ባለፈው ፎል አፈሩን ቨርጂኒያ ቴክ ላብ ልኬ አስመርምሬ ፒኤቹ (የአሲድነቱ ልክ፣ ቁጥሩ ሲያንስ አሲዱ በዛ ማለት ነው) 5.3 መጣ፣ ክሎቨር ደግሞ ከ6 በታች ከሆነ አይሆንለትም፣ ስለዚህ አሲዱን እንዲቀንስልኝ ለግማሽ ኤከር 50 ከረጢት ኖራ፣ አንዱ 40 ፓውንድ፣ ከሥራ በኋላ እየሄድኩ በተንኩ። ነጩ ክሎቨር ደህና ከያዘ ሦስት አራት ዓመት ይቆያል። እናቲቱ አጋዘን ጁን አካባቢ ስትወልድ፣ ወንዱም ቀንዱን ሲያበቅል የሚፈልጉት እሱን ነው። የቀረኝ ዘሩ ብቻ ነበር።

ፌብሩዋሪ ላይ ሄድኩ። ከረጢቱ ላይ ቀንዳም አጋዘን ክሎቨር መሃል ቆሞ የሚያሳይ ፎቶ አለ፣ 10 ፓውንድ፣ 89 ዶላር። "ይሄ ክሎቨር ብቻ ነው? ሳር የለበትም?" አልኩት፣ ጥርት አድርጌ ነው የጠየቅኩት። ሰውዬው ከረጢቱን ከመደርደሪያ አነሳው፣ ከስር የተሰፋችውን ነጭ ወረቀት በአውራ ጣቱ ወደ ውስጥ አጠፋት፣ ከዛ ባንኮኒው ላይ በዛ በኩል አስተኝቶ ዓይን ዓይኔን እያየ "ኦል ክሎቨር" አለኝ። አውራ ጣቱን አይቻለሁ! አይቼ ዝም አልኩ። ይባስ ብዬ ለሁለት ጓደኞቼም ጨምሬ ሦስት ከረጢት ወሰድኩ፣ 267 ዶላር።

አባቴ ገበሬ ነው፣ ገበያ ላይ ዘር መዳፉ ላይ አፍስሶ እፍ ሳይል ገዝቶ አያውቅም። እኔ የሱ ልጅ ሆኜ በፎቶ ገዛሁ።

በማግስቱ ንጋት ላይ ከልጄ ጋር ዘራን። መሬቱ ሌሊት በውርጭ እየተነፋ ቀን ሲቀልጥ ስንጥቅጥቅ ስለሚል ዘሩ ራሱ እየገባ ይቀበራል፣ ማረስ አያስፈልግም፣ የዚህ ጊዜ ጥሩነቱ ይሄ ነው። መዝሪያው ውስጥ ስገለብጠው ከክቦቹ መሃል እንደ አጃ ቀጫጭን ረጃጅም ነገር በዝቶ አየሁ። የክሎቨር ዘር ክብ ነው፣ ጤፍ የምታህል። ዘሩን የሚቀቡት ሽፋን ይሆናል ብዬ ቀጠልኩ፣ እዛው ጋ ማቆም ነበረብኝ።

ዛሬ ኤፕሪል አጋማሽ ነው፣ ማሳው እስከ ጉልበቴ ሳር። ልጄ ጎንበስ ብሎ እየገለጠ "አባዬ ክሎቨሩ የታለ?" ሲለኝ መልስ አጣሁ። ባዶውን ከረጢት ከመኪናው አውጥቼ ያቺን ወረቀት ዘረጋኋት፦ ራይግራስ የሚባል ሳር 46 በመቶ፣ ዘር ያልሆነ ነገር 35 በመቶ፣ ክሎቨር 17 በመቶ። የብቅለት ምርመራው የተሠራው ደግሞ ከሁለት ዓመት በላይ ሆኖታል። ሽፋን ክብደት እንደሚጨምር አውቃለሁ፣ እሱ አይደለም ያናደደኝ፣ ግማሽ የሚጠጋውን ሳር ክሎቨር ብሎ መሸጡ ነው።

ይዤለት ሄድኩ። ከፍ ዝቅ አድርጎ አየኝና "ታጉ እኮ አለ፣ ማንበብ ያንተ ፋንታ ነው" አለኝ፣ ከዛ ወደ ሠራተኛው ዞሮ ቀስ ብሎ፣ እንደማይገባኝ ነገር፣ "እዚህ ሰዎች እንግሊዝኛ ቢማሩ ጥሩ ነበር" አለ። ሁለቱም ሳቁ። ልጄ አጠገቤ ቆሟል። 267 ዶላሩን እረሳው ይሆናል፣ ይሄን ግን አልረሳም።

እና ስትገዙ ታጉን እዛው ዘርግታችሁ የክሎቨሩን ፐርሰንትና የምርመራውን ቀን እዩ፣ ክሎቨሩን ለብቻው ግዙ፣ ዘሩን መዳፋችሁ ላይ አፍስሱ። የዘር ታግ ጉዳይ የስቴቱ ግብርና መሥሪያ ቤት ሥራ ነው፣ እኔ ሰኞ የታጉን ፎቶ ይዤ አቤት እላለሁ። ሁለቱ ጓደኞቼ ገንዘባቸውን ከኔ ያገኛሉ። ነገ ደግሞ ራይግራሱ ዘር ሳይጥል ላጭደው ነው፣ ከስር ያለችው ትንሿ ክሎቨር ብርሃን ካገኘች ትተርፍ እንደሆነ።