ስናፕሲድ፦ ክሮፑ ይበቃል፣ ኮንትራስቱ ግን ዘዴ ይጠይቃል

ስናፕሲድ ነፃ ነው፣ ማስታወቂያ የለውም፣ አካውንት ክፈቱ ብሎም አያስቸግርም። ጎግል እ.ኤ.አ. በ2012 ሠሪውን ኩባንያ ኒክ ሶፍትዌርን ሲገዛ አብሮ የወሰደው የስልክ ፎቶ ማስተካከያ አፕ ነው። እዚህ የምንመዝነው በሁለት ሥራው ብቻ ነው፦ በክሮፕ (ፎቶን መከርከም) እና በኮንትራስት (የብሩህና የጨለማው ልዩነት)። ፊልተሮቹን ትተናቸዋል፤ ቢቀሩም አያስቆጩም።

ብዙ ሰው መጀመሪያ ኮንትራስት ጨምሮ በኋላ ይከረክማል። ይህ የተገላቢጦሽ ነው። ፎቶው ውስጥ ሰፊ ነጭ ሰማይ ካለ ሂስቶግራሙ (ከጨለማ እስከ ብሩህ ያለውን ስርጭት የሚያሳየው ግራፍ) ወደ ቀኝ ይከማቻል፤ ዓይንም ከሰማዩ ጋር እያወዳደረ የሰውየውን ፊት ከሚገባው በላይ ጥቁር አድርጎ ያየዋል። ሰማዩ ሲቆረጥ ግን ፊቱ ድሮም ደህና እንደነበር ይገለጣል። ስለዚህ መጀመሪያ በሮቴት (ማዞሪያው መሣሪያ) ማቃናት፣ ቀጥሎ መከርከም፣ ብርሃኑን መንካት የመጨረሻ ይሁን። ማቃናት ራሱ ጠርዞቹን ስለሚበላ፣ ጥግ ላይ እጅ ወይም እግር ያለበትን ፎቶ አስቀድሞ አጥብቆ መከርከም አያዋጣም።

ክሮፑ የወርድና የቁመት ምጣኔ 1:1፣ 3:2፣ 4:3፣ 5:4፣ 16:9 እና ነፃ ምርጫ አለው። ትልቁ ጉድለቱ ስትከረክሙ ስንት ፒክስል እንደቀረ አለማሳየቱ ነው። 4000×3000 የሆነ የ12 ሜጋፒክስል ፎቶ ወርዱም ቁመቱም በግማሽ ሲቆረጥ 2000×1500 ይሆናል፤ የቀረው 3 ሜጋፒክስል፣ ማለትም ሩቡ ብቻ ነው። ለስልክ ስክሪን ይበቃል። በ300 ዲፒአይ (በአንድ ኢንች 300 ነጥብ) ለ10×15 ሴንቲሜትር ኅትመትም (1770×1180 ገደማ) ያልፋል፤ ለኤ4 ግን አይደርስም።

ሰው ሲከረከም መስመሩ መገጣጠሚያ ላይ አይረፍ። ጉልበት ላይ ወይም የእጅ አንጓ ላይ የተቆረጠ ሰው አካሉ የጎደለ ይመስላል፤ ጭኑ አጋማሽ ወይም ደረቱ ላይ ቢሆን ማንም ልብ አይለውም። ወደሚያይበት አቅጣጫም ሰፋ ያለ ቦታ ተዉለት።

ወደ ኮንትራስት እንምጣ። ቲውን ኢሜጅ በሚባለው አጠቃላይ ማስተካከያ ውስጥ ያለው ኮንትራስት ሁሉንም እኩል ይጎትታል። ጄፔግ (የተለመደው የፎቶ ፋይል ዓይነት) ላይ ከልክ ሲያልፍ የነጭ ሸሚዝ እጥፋት ይጠፋል፣ ጥቁር ፀጉር አንድ ድፍን ይሆናል፣ ቀለሙም አብሮ ስለሚከብድ ቆዳ ቀይ ቀይ ይላል። የተሻለው ከርቭስ (መስመር እያጎበጡ ብርሃኑን የሚያስተካክሉበት መሣሪያ) ነው። ቻናሉን ወደ ሉሚናንስ (ብርሃኑን ብቻ የሚነካው) ቀይሩ፤ ከዚያ ከግራ ሩቡ ላይ አንድ ነጥብ ጥቂት ዝቅ፣ ሦስት ሩቡ ላይ ሌላ ነጥብ ጥቂት ከፍ አድርጉ። በአርጂቢ (ቀይ፣ አረንጓዴና ሰማያዊ አንድ ላይ) ከመሥራት ይልቅ ቆዳው ቀለሙን ይጠብቃል።

የዚህ አፕ እውነተኛ ጉልበት ግን ሴሌክቲቭ (አንድ ቦታን ብቻ የሚያስተካክል መሣሪያ) ነው። ፊቱን ትነካላችሁ፣ በሁለት ጣት ክቡን ታሰፋላችሁ ወይም ታጠባላችሁ፤ የሚነካው ቦታ በቀይ ይታያል። ጣት ወደላይና ወደታች ሲሄድ ብሩህነት፣ ኮንትራስት፣ ሳቹሬሽን (የቀለም ድምቀት) እና ስትራክቸር (የዝርዝሩ ጉልህነት) ይመረጣሉ፤ ወደ ጎን ሲሄድ መጠኑ ይቀየራል። ፊት ላይ ብሩህነት +20፣ ከሰውየው ኋላ ባለው ቦታ ላይ -15 ብዙ ጊዜ ይበቃል። መሣሪያው ነጥቡ ካረፈበት ቀለም ጋር የሚመሳሰለውን ስለሚመርጥ፣ ነጥቡን አገጭ ሥር ጥላ ላይ ሳይሆን ጉንጭ ላይ አስቀምጡ። ብርሃኑ ወደ ግድግዳው ከፈሰሰ ግድግዳው ላይ ሌላ ነጥብ ጨምራችሁ ምንም ሳትቀይሩ ተዉት፤ ፍሰቱን ይገታዋል።

አምቢያንስ (የብርሃን ሚዛን ማስተካከያ) እና ስትራክቸር ላይ ቁጥብ ሁኑ። የመጀመሪያው ሲበዛ ዛፍ ከሰማይ ጋር በሚገናኝበት ጠርዝ ላይ ነጣ ያለ የብርሃን መስመር ይተዋል፣ ሁለተኛው በጨለማ የተነሳ ፎቶ ላይ ያለውን እህል እህል የሚል ነጠብጣብ ያጎላል።

ከማስቀመጣችሁ በፊት ሴቲንግ ውስጥ የምስል መጠን ገደብ አለመኖሩን፣ የጄፔግ ጥራቱም ዝቅ አለማለቱን እዩ። በአይፎን እ.ኤ.አ. በ2025 ገጽታው ስለተቀየረ አንዳንዱ ቁልፍ ሌላ ቦታ ልታገኙት ትችላላችሁ።