1,531 ላይ የሚቆመው ማጫወቻዬ፣ ከ8 ወር በኋላ

ባለፈው ወር ብጽፈው ኖሮ "እንዳትገዙ" የሚል አንድ መስመር ነበር የምታነቡት። እውነቴን ነው፣ በጣም ነበር ያናደደኝ።

ማጫወቻው ትንሽ ነው፣ ዘፈን ከማጫወት ሌላ ሥራ የለውም፣ ባለ በተን፣ ውስጡ 8 ጊጋ አለው፣ ሚሞሪ ካርድም ይቀበላል። "ስልክህ አይበቃህም ወይ" ለሚለኝ ሰው፣ ዘፈን መሃል ማንም እንዲደውልብኝ አልፈልግም፣ በቃ። የመጀመሪያዎቹ 5 ወራት ላይ ብዙ የምለው የለኝም፣ ሰራ።

ስድስተኛው ወር ላይ አንድ ማታ ስከፍተው "ላይብረሪ በማደስ ላይ" ብሎ መቁጠር ጀመረ፣ አዲስ ዘፈን ስጨምርበት ሁሌም ስለሚቆጥር ምንም አልመሰለኝም። 1,531 ላይ ሲደርስ ቆመ። ፊቴን ታጥቤ ተመለስኩ፣ 1,531። ልብስ አጣጥፌ ተመለስኩ፣ አሁንም 1,531። በተን ብጫን አይሰማም፣ ስክሪኑ በርቶ ደርቋል። ማጥፊያውን 15 ሴኮንድ ያህል ተጭኜ በግድ አጠፋሁት፣ ስከፍተው ከዜሮ ጀምሮ ቆጥሮ ቆጥሮ እዛው ቁጥር ላይ ገትሮ ቆመ።

ከዚህ በኋላ ያሉት ሶስት ሳምንታት ልብ አውልቅ ነበሩ። የሪሴት ቀዳዳዋን በመርፌ ነካሁ፣ ምንም። ሁሉንም ሴቲንግ ወደ መጀመሪያው መለስኩት፣ ምንም። ሶፍትዌሩን እንደገና ልጭን ብዬ ከኮምፒውተር ጋር ሳገናኘው ደግሞ ኮምፒውተሩ ጭራሽ አላየውም፣ ያኔ "ይሄ እቃ ሞቷል" ብዬ ደመደምኩ፣ ለካ የያዝኩት ገመድ ቻርጅ ብቻ የሚያደርግ ነው፣ የዳታ ሽቦ ውስጡ የለም። ሌላ ገመድ ስቀይር ወዲያው አየው። ገመዱ ላይ መናደድ ሲገባኝ አሁንም ማጫወቻው ላይ ነው የተናደድኩት። ሶፍትዌሩ ተጫነ፣ ተከፈተ፣ ቆጠረ፣ 1,531።

ካርዱ ላይ ያለውን ሁሉ አጥፍቼ ዘፈኖቹን እንደገና ገለበጥኩ፣ ግማሽ ቀን ፈጀብኝ፣ ይሄኛው ደግሞ 1,528 ላይ ቆመ። መሻሻል መሆኑ ነው እንግዲህ።

በዚህ ሁሉ ጊዜ ከሻጩ ጋር በሃሳቤ ስንጨቃጨቅ ነው የከረምነው። "ወንድሜ ይሄ እኮ ኦርጅናል ነው" ይለኛል። ኦርጅናል ከሆነ ለምን ይቆማል? "አያያዝህ ነው ጌታዬ።" አያያዜ ምን ሆነ? አልወደቀ፣ ውሃ አልነካው! "ታዲያ ዘፈኖችህ ናቸው ችግሩ።" እዚህ ላይ ትንሽ ያሸንፈኝ ነበር፣ ምክንያቱም አምስተኛው ወር ላይ ዘፈኖቼን ከኤምፒስሪ ወደ ፍላክ፣ ማለትም የድምፁን ጥራት ሳይቀንስ ወደሚይዘው የፋይል ዓይነት፣ መቀየር ጀምሬ ነበር። በኤምፒስሪ አንድ ዘፈን 8 ሜጋ ገደማ ነው፣ በፍላክ ግን 30 ይገባል፣ እና "ምናልባት ፍላክ ከብዶት ይሆናል" እያልኩ ራሴን አጽናናሁ። ግን ሳጥኑ ላይ ፍላክ ያጫውታል ተብሎ ተጽፏል! እንደገና ብስጭት።

በመጨረሻ ተስፋ ቆርጬ ለአክስቴ ልጅ ልሰጣት ወሰንኩ፣ ቢያንስ ውስጡ ባለው 8 ጊጋ ትጫወትበታለች ብዬ። ካርዱን አወጣሁና ለመጨረሻ ጊዜ ከፈትኩት። በጥቂት ሴኮንድ ተከፈተ። ፍላኩም ኤምፒስሪውም፣ ውስጡ የነበረው ሁሉ ያለ ምንም ማንገራገር ተጫወተ። ቁጭ አልኩ። ሶስት ሳምንት ሙሉ አህያውን ትቼ ዳውላውን ስደበድብ ነበር ማለት ነው። ካርዱን ማውጣት አንድ ደቂቃ የማይፈጅ ነገር ነው፣ የመጀመሪያው ቀን ማድረግ የነበረብኝም እሱን ነበር፣ እኔ ግን መርፌ ስፈልግ ነበር።

ካርዱ ደግሞ፣ ይሄን ስሙልኝ፣ ሻጩ "128 ጊጋ ነው፣ ምራቂ" ብሎ የጨመረልኝ ነው።

ፌክ ነው። እነዚህ ካርዶች እንዴት እንደሚሰሩ ሲገባኝ ትንሽ አደነቅኩም። ውስጣቸው ያለችው መቆጣጠሪያ ቺፕ እንድትዋሽ ትደረጋለች፣ ለኮምፒውተሩም ለማጫወቻውም "እኔ 128 ነኝ" ትላለች፣ እውነተኛው ሚሞሪ ግን ትንሽ ነው። እስኪሞላ ድረስ ማንም አያውቅም። ከሞላ በኋላ አንዳንዱ ካርድ ተመልሶ የቀድሞው ላይ ይጽፋል፣ የኔው ደግሞ የሚመጣውን ዝም ብሎ ይጥለዋል፣ "ተገልብጧል" እያለ። የፋይሎቹ ዝርዝር የሚቀመጠው ካርዱ መጀመሪያ አካባቢ ስለሆነ ስማቸውም ስፋታቸውም በትክክል ይታያል፣ ውስጣቸው ግን ባዶ ነው። ማጫወቻው ላይብረሪ ሲያድስ እያንዳንዱን ፋይል ከፍቶ የዘፋኙንና የአልበሙን ስም ሊያነብ ይሞክራል፣ የመጀመሪያው ባዶ ፋይል ላይ ሲደርስ ተደናብሮ ይቆማል። አምስት ወር ሰላም የነበረውም ስላልሞላ ነው፣ በፍላክ ሳጭቀው ነው ጉዱ የወጣው።

በጣም ያታለለኝ ነገር፣ ገልብጬ እንደጨረስኩ ኮምፒውተሩ ላይ ዘፈኑን ስከፍተው ይጫወት ነበር። ለካ ኮምፒውተሩ የሚያጫውትልኝ ራሱ ራም ላይ፣ ማለትም ጊዜያዊ ሚሞሪው ላይ፣ ከያዘው ኮፒ ነው። ካርዱን ነቅሎ መልሶ ሰክቶ መክፈት ነበር፣ ያኔ ያው ባዶ ነው።

የምትጠረጥሩት ካርድ ካለ መጀመሪያ ያለውን ኮምፒውተር ላይ አስቀምጡና ባዶ አድርጉት፣ ከዛ ዊንዶውስ ላይ ኤችቱቴስትደብልዩ (H2testw)፣ ማክና ሊኑክስ ላይ ኤፍ3 (F3) የሚባል ነፃ ፕሮግራም አለ፣ ካርዱን እስከ ጥጉ ሞልቶ መልሶ ያነበዋል። ሰዓታት ይፈጃል፣ ለሊት ትታችሁት ተኙ። የኔ ውጤት 14 ጊጋ ከምናምን ደህና፣ ሌላው የለም። በሌላ አነጋገር 16 ጊጋ ካርድ 128 የሚል ልብስ ለብሶ።

አዲስ 128 ገዛሁ፣ ፈተንኩት፣ ትክክለኛ ነው፣ ማጫወቻው ውስጥ ስከተው "ካርድ የለም" አይለኝ መሰላችሁ! በዚህ ጊዜ ግን አልተሳደብኩም። ከ32 ጊጋ በላይ ያሉ ካርዶች ከፋብሪካ የሚመጡት ኤክስፋት በሚባል የፋይል አደራደር ተፎርማተው ነው፣ የኔ ማጫወቻ ደግሞ ፋት32 የሚባለውን የቆየውን ብቻ ነው የሚያውቀው፣ የኔ ዊንዶውስ የተለመደው የፎርማት መስኮት ደግሞ ከ32 ጊጋ በላይ ለሆነ ካርድ ፋት32 የሚለውን ምርጫ አያሳይም፣ ስለዚህ ለዚሁ የሚሆን ሌላ ትንሽ ፕሮግራም አስፈለገኝ። እዚህ ላይ ነው የነቃሁት፣ ያ ምራቂ ካርድ ገና ከሻጩ ሲመጣ በፋት32 ነበር። አንድ ሰው አስቀድሞ ነካክቶታል ማለት ነው። ያኔ አውቄ ቢሆን እዛው እጠረጥረው ነበር።

ሌላ ሌላውን በአጭሩ። ሰባተኛው ወር ላይ የግራ ጆሮው ድምፅ ጠፋ፣ ኢርፎን መሰኪያው ውስጥ የኪስ ብናኝ ተጠቅጥቆ ነበር፣ ማጫወቻውን አጥፍቼ በእንጨት ስንጥር ቀስ ብዬ አወጣሁት፣ ተመለሰ። ብረት እንዳትከቱበት። ሳልጠቀምበት ብዙ ቀን የምተወው ከሆነ ባትሪውን ግማሽ ገደማ አድርጌ ነው የማስቀምጠው፣ ዜሮ ላይ ረጅም ጊዜ መቆየት ይጎዳዋል። በአማርኛ የተጻፈ የዘፈን ስም አሁንም አራት ማዕዘን ሳጥን ብቻ ነው የሚያሳየኝ፣ ፎንቱ ውስጡ የለም፣ እሱን ይቅር አልልም። በላቲን ፊደል ስማቸውን የቀየርኳቸው አሉ፣ ግማሹን ሰልችቶኝ ትቼዋለሁ፣ ሳጥን እየመረጥኩ የሚመጣውን እሰማለሁ።

እና በሃሳቤ ያለው ሻጭ አሁንም "አላልኩህም፣ ማጫወቻው ደህና ነው" እያለኝ ነው። ማጫወቻው ደህና ነው ወንድሜ፣ እሱን አምኛለሁ። የምንነጋገረው ስለ ምራቂህ ነው።

ለአክስቴ ልጅ አልሰጠኋትም፣ ተቀይማለች። ትናንት ማታ አዲሱን ካርድ ሞልቼ ከፈትኩት፣ መቁጠር ጀመረ፣ 1,500 ሲያልፍ ትንፋሼን ይዤ ነበር። 1,529፣ 1,530፣ 1,531። 1,532።