ጎንደር ውስጥ በትዕዛዝ የሚታጠፈው የላሜራ አሸንዳ፦ የሚያዋጣውና የሚበላሸው

የምስጥ መድኃኒት ለመግዛት የተነሣ ሰው አስቀድሞ ቀና ብሎ የጣሪያውን ጫፍ ቢያይ ይሻላል። ምስጥን የሚስበው እርጥብ አፈርና እርጥብ እንጨት ነው። የእንጨት እርጥበት ከደረቅ ክብደቱ 20 በመቶ ሲያልፍ ደግሞ ለአበስባሽ ፈንገስ ይመቻል። 1 ሚሊሜትር ዝናብ በ1 ካሬ ሜትር ላይ 1 ሊትር ነው፤ በሐምሌ ዶፍ 30 ሚሊሜትር ቢወርድ ከ60 ካሬ ሜትር ጣሪያ 1,800 ሊትር ይፈሳል። አሸንዳ ከሌለ ወይም ከተበላሸ ይህ ማለት ዘጠኝ በርሜል ውሃ ግድግዳ ሥር ተደፋ ማለት ነው።

በከተማው ቆርቆሮ ሠሪዎች ዘንድ የሚታጠፈው የላሜራ አሸንዳ በእኛ ግምት ከፕላስቲኩ ይሻላል። ፕላስቲክ አይዝግም፤ ግን ከ2,000 ሜትር በላይ ያለው የጎንደር ፀሐይ እያደረቀው በረዶ ሲመታው ይሰነጠቃል። ላሜራ ቢጎዳ ይቀጠላል። ሲያዙ ሁለት ቁጥር ይናገሩ፤ ጌጁን (የላሜራውን ውፍረት የሚለካውን ቁጥር) እና ላሜራው ሳይታጠፍ ተዘርግቶ ያለውን ስፋት። ጌጅ ቁጥሩ በጨመረ መጠን ላሜራው ይሳሳል፤ ስለዚህ 32 በርካሽ ሲቀርብልዎ አይቀበሉ፣ 28 ይበሉ። ከ1 ሜትር ላሜራ ለሁለት የተቆረጠው 50 ሳንቲሜትር ለአብዛኛው ቤት ይበቃል። ለሦስት የተቆረጠው ለበረንዳ እንጂ ለዋናው ጣሪያ አይሆንም፤ በዶፍ ጊዜ ሞልቶ ይፈሳል።

ዕቃው ጥሩ ሆኖ ሳለ አብዛኛው ብልሽት የሚመጣው ከአሰቃቀሉ ነው። ለዓይን እንዲያምር ብለው ልክ እንደ ውሃ ልክ አግድመው ይሰቅሉታል፤ ውሃው መሐል ላይ ይተኛል፣ ቅጠልና አፈር ይሰበስባል፣ ላሜራው ከውስጥ ይዝጋል። በየሜትሩ ቢያንስ 5 ሚሊሜትር ማዘንበል አለበት፤ ለ10 ሜትር 5 ሳንቲሜትር ማለት ነው። ሲባጎ ሳይወጥር መስቀያ የሚመታ ባለሙያ ካዩ ያስቁሙት። የጠፍጣፋ ብረት መስቀያው ከ60 ሳንቲሜትር በላይ መራራቅ የለበትም። በግድግዳው በኩል ያለው ጠርዝ ከፊተኛው ከፍ ይበል፤ ያኔ አሸንዳው ቢሞላ እንኳ ውሃው ወደ ውጭ እንጂ ወደ ጣውላውና ወደ ወራጁ አይመለስም። የጣሪያው ቆርቆሮ 5 ሳንቲሜትር ያህል ወደ አሸንዳው ይግባ፤ አጭር ከሆነ ውሃው ከሥሩ ተጣብቆ እየዞረ እንጨቱን ያርሰዋል።

መገጣጠሚያው ሁለተኛው ደካማ ቦታ ነው። በሲሊኮን ብቻ የተያዘ አይዘልቅም። 12 ሜትር ብረት በ40 ዲግሪ የሙቀት ልዩነት ወደ 6 ሚሊሜትር ይረዝማል፤ ቀን በፀሐይ ግሎ ሌሊት ሲቀዘቅዝ ሲሊኮኑ ይላቀቃል። 5 ሳንቲሜትር ይደራረብ፣ የላይኛው በታችኛው ውስጥ ወደ ፍሰቱ አቅጣጫ ይግባ፣ በሪቬት ይያዝ፣ ከዚያ በእርሳስ ይበየድ። ክፍያውን ከመጨረስዎ በፊት በከፍተኛው ጫፍ ሁለት ባልዲ ውሃ ያስፈስሱና ከታች ቆመው ይመልከቱ።

የመውረጃ ቱቦው 110 ሚሊሜትር ይሁን። ጫፉ ግድግዳ ሥር ካቆመ ግን ልፋቱ ሁሉ ባክኗል፤ የተበታተነውን ውሃ አንድ ቦታ ላይ አከማቹት ማለት ነው። ቢያንስ 1.5 ሜትር ከቤቱ ይራቅ። ዋልካ አፈር ባለበት ሠፈር ይህ ይበልጥ ያሳስባል፤ ዋልካ በክረምት ያብጣል፣ በበጋ ይሰነጠቃል፣ መሠረቱንም አብሮ ያንቀሳቅሳል። ባህር ዛፍ አጠገብ ካለ በግንቦት መጨረሻ አንዴ፣ ክረምቱ መሐል ላይ ደግሞ አንዴ አሸንዳውን መጥረግ ግድ ነው።

የጭቃ ቤት ባለቤቶች ቋሚውን የተቃጠለ ዘይት መቀባት ይወዳሉ። ላይ ላዩን እንጂ ወደ ውስጥ አይዘልቅም፤ እንጨቱ ሲሰነጠቅ ምስጥ በስንጥቁ ይገባል። ከዚያ ይልቅ የጭቃው ልስን ከመሬት ጋር እንዳይገናኝ ያድርጉ፤ ጭቃው ውስጥ ያለው ጭድ ራሱ ለምስጥ ምግብ ነው፣ ልስኑም መንገዱን ይሸፍንለታል። በድንጋዩ መሠረት ላይ የመጻፊያ እርሳስ የሚያህል የአፈር ቧንቧ ካዩ መሐሉን ይስበሩትና ከጥቂት ቀን በኋላ ይመለሱበት። እንደገና ከተገጠመ ምስጡ ሥራ ላይ ነው፤ መድኃኒቱን ያኔ ይግዙ።