75 ዋት ይበቃል፦ ደሴ ላይ ከዓመት በላይ የሰራው የጌም ኮምፒውተሬ

የጌም ኮምፒውተር መግዛት የሚፈልግ የደሴ ልጅ መጀመሪያ የሚጠይቀው «ካርዱ ስንት ጊጋ ነው?» ብሎ ነው። እኔ ግን «ስንት ዋት ይበላል?» ብሎ ቢጀምር እመርጣለሁ። በዋት አስቤ የገዛሁት ኮምፒውተር ከዓመት በላይ በየማታው ሰርቷል። ዛሬም እየሰራ ነው። ጥሩውንም መጥፎውንም ያየሁትን ልጻፍ።

ዕቃው ከቢሮ የወጣ ዴል ኦፕቲፕሌክስ 7050 ነው፤ ቆሞ የሚቀመጠው ታወሩ። ፕሮሰሰሩ ባለ 4 ኮር፣ ኮር አይ 5-7500። እሱ ላይ ባለ 4 ጊጋ ጂቲኤክስ 1650 ግራፊክስ ካርድ፣ ማለትም የጌሙን ምስል የሚሰራውን ዕቃ፣ አስገባሁበት። ዋጋ አልጽፍም። ብር በገበያ እንዲመራ ከተወሰነበት ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. ወዲህ የዕቃ ዋጋ ቶሎ ቶሎ ይቀያየራል። እኔ የከፈልኩት ዛሬ ለሚገዛ ሰው አይጠቅምም።

ለምን 1650? ይህ ካርድ ቢበዛ የሚበላው 75 ዋት ነው። ማዘርቦርዱ ላይ ያለው የካርድ ማስገቢያም መስጠት የሚችለው 75 ዋት ነው። ስለዚህ ካርዱ ሌላ ኬብል ሳይፈልግ እዚያው ተሰክቶ ይሰራል። የዴሉ ታወር ፓወር ሰፕላይ (ለውስጥ ዕቃዎቹ ኃይል የሚያከፋፍለው) 240 ዋት ብቻ ነው፤ ለካርድ የሚሆን ኬብልም የለውም። ፕሮሰሰሩ 65 ዋት፣ ካርዱ 75 ዋት፣ ሲደመር 140። ለኤስኤስዲ (ፋይል ለሚቀመጥበት ፈጣን ዲስክ)፣ ለራምና ለፋን የሚተርፍ አለ። ኤንቪዲያ ለዚህ ካርድ 300 ዋት ፓወር ሰፕላይ ይመክራል፤ ይህን ሳልደብቅ ልናገር። የኔ ግን አንድ ኤስኤስዲ ብቻ የያዘ ቀለል ያለ ኮምፒውተር ስለሆነ፣ ረጅም ጌም እየተጫወትኩ በራሱ ጠፍቶብኝ አያውቅም።

ፒያሳ አካባቢ ኮምፒውተር የሚጠግኑ አንድ ትልቅ ሰው አሉ። ካርድ ከመግዛቴ በፊት ኮምፒውተሩን ይዤ እሳቸው ጋ ሄድኩ። ሳጥኑን ከፈቱና በስልካቸው መብራት ውስጡን አሳዩኝ።

«አየህ ልጄ፣ ከፓወር ሰፕላዩ ለካርድ የወጣ ኬብል የለም። መሰኪያ ያለው ካርድ እንዳታመጣ።»

«1650 የተባለ ሁሉ አንድ አይደለም እንዴ ጋሼ?»

«አይደለም። አንዳንዱ ባለ 6 ፒን መሰኪያ ነው። ጫፉን አይተህ ነው የምትገዛው። ደግሞ አጭሩን ምረጥ፣ ባለ አንድ ፋኑን፤ ረጅሙ ሃርድ ዲስክ ማስቀመጫው ጋ ይጋጭብሃል።»

ይህ ምክር ብዙ ገንዘብ አድኖልኛል። ገበያ ስወጣ መጀመሪያ ያሳዩኝ ካርድ ባለ 6 ፒን ነበር። ዝም ብዬ ገዝቼው ቢሆን ኖሮ ቤት ገብቼ የምሰካበት አጣ ነበር።

ያገለገለ ካርድ ስትገዙ ሌላም ነገር አለ። የድሮ ካርድ ሶፍትዌሩ ተቀይሮ በአዲስ ካርድ ስም ይሸጣል። መድኃኒቱ ጂፒዩ-ዚ የምትባል ነጻ ፕሮግራም ናት። በፍላሽ ይዛችሁ ሂዱና ብር ሳትቆጥሩ ክፈቷት። ትክክለኛው 1650 የኮሩ ቁጥር 896 ነው። የተጭበረበረ ከሆነ ብዙ ጊዜ ፕሮግራሟ ራሷ ከካርዱ ስም ፊት «ፌክ» ብላ ትጽፋለች። ሻጩ «እዚህ መክፈት አይቻልም» ካለ ተዉት፤ ሌላ ሱቅ አለ።

አሁን ዋቱን ወደምወድበት ዋና ምክንያት ልምጣ፤ መብራት። እኛ ጋ መብራት ሲጠፋ ብቻ አይደለም ችግሩ። ማታ ማታ ቮልቴጁ ይወርዳል፤ ተመልሶ ሲመጣ ደግሞ ዘሎ ይመጣል። ስለዚህ ከካርዱ እኩል ያሰብኩበት ዕቃ ዩፒኤስ ነው፤ መብራት ሲሄድ ኮምፒውተሩን ለጥቂት ጊዜ የሚያቆየው ባትሪ ያለው ሳጥን። የገዛሁት 650 ቪኤ የሚል ተጽፎበታል። ቪኤ እና ዋት አንድ አይደሉም፤ ይህ ልክ የሚሸከመው 360 ዋት አካባቢ ነው። የኔ ኮምፒውተር ጌም ላይ እያለ ሞኒተሩን ጨምሮ 200 ዋት አይሞላም። ስለዚህ መብራት ሲሄድ ዩፒኤሱ አይጨነቅም። ሴቭ አድርጌ፣ የጀመርኩትን አጋማሽ ጨርሼ፣ በስርዓት አጠፋለሁ። ውስጡ ያለው ቮልቴጅ ማስተካከያም ቮልቴጅ ሲወርድ ራሱ ከፍ ያደርገዋል። ቀስ ያለች የ«ቀጭ» ድምፅ ትሰማለች፣ በቃ፣ ጌሙ ይቀጥላል።

እስቲ በትልቅ ካርድ አስቡት። አርቲኤክስ 3060 ብቻውን 170 ዋት ይበላል። ቢያንስ 550 ዋት ፓወር ሰፕላይ ይፈልጋል። የዴሉ መሰኪያ ከተለመደው ባለ 24 ፒን ስለሚለይ ያንን ለመቀየር ሌላ ጣጣ አለ። ከዚያ ዩፒኤሱም ማደግ አለበት፤ ባትሪውም። ካርዱ ላይ የጨመራችሁት ብር እዚያ አይቆምም፤ እስከ ግድግዳው ሶኬት ድረስ ይከተላችኋል። አዲስ አበባ ያሉ ልጆች በቪዲዮ የሚመክሩትን ሰምቶ መብራቱን ሳያስብ የሚገዛ ጓደኛ ሳይ በጣም ይቆጨኛል።

ራውተሩንም አትርሱ። ኮምፒውተሩ በዩፒኤስ ሲሰራ ራውተሩ ከጠፋ ኦንላይን ጌም የለም። እኔ እዚያው ዩፒኤስ ላይ ሰክቼዋለሁ፤ የሚበላው ጥቂት ዋት ነው። መብራት እንደተመለሰም ቶሎ አትክፈቱ። ረጋ እስኪል ትንሽ ጠብቁ።

ስለ ሙቀት ሳስብ ደሴ መኖሬ ያስደስተኛል። ከተማዋ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ነች። እዚህ ከፍታ ላይ አየሩ ከባህር ጠለል አየር አንድ አምስተኛ ያህል የሳሳ ነው። የሳሳ አየር ደግሞ ሙቀት ጥሩ አድርጎ አይወስድም፤ ፋኑ ያው ቢዞርም የሚያነሳው ያንሳል። ግን የጦሳ ተራራ ብርድ ያንን ያካክሳል። ማታ መስኮቱን ገርበብ ካደረግኩት ፋኑ ድምፁ እንኳ አይሰማም። ኮምቦልቻ ያለ ጓደኛዬ ይሄንኑ የመሰለ ኮምፒውተር አለው። እዚያ ከፍታው 1,850 ሜትር አካባቢ ስለሆነ አየሩ ትንሽ ይወፍራል፤ ክፍሉ ግን ይሞቃል። የሱ ፋን ከኔ በላይ ይጮሃል። የሐረጎን ቁልቁለት 20 ምናምን ኪሎ ሜትር መውረድ ይህን ያህል ለውጥ ያመጣል። ኮምቦልቻ ላላችሁ ሳጥኑን ከግድግዳ ራቅ አድርጉት፤ በበጋ አቧራውን ቶሎ ቶሎ አራግፉት። ደሴ ላላችሁ ደግሞ ክረምት ላይ ጉሙ ቤት ድረስ ስለሚገባ መሬት ላይ አታስቀምጡት።

ጌሙስ? እግር ኳስ በ1080 ጥራት በ60 ፍሬም ሳይንቀጠቀጥ ይሄዳል። ጂቲኤ 5ም እንደዚያው፤ ጥላና ሳር ቀነስ ማድረግ ብቻ ነው። ቫሎራንት ለዚህ ካርድ ቀላል ነው። ካውንተር ስትራይክ 2 ላይ ግን ካርዱ ሳይሆን ባለ 4 ኮሩ ፕሮሰሰር ነው የሚደክመው። ጭስና ተኩስ ሲበዛ ፍሬሙ ወረድ ይላል። በመጀመሪያ አንድ ባለ 8 ጊጋ ራም ብቻ ነበረው። ሁለተኛ ስጨምር የእነዚያ ድንገተኛ መደናቀፎች ብዛት በደንብ ቀነሰ። ሁለት ራም ጎን ለጎን ሲሰራ መተላለፊያው እጥፍ ይሆናልና።

የማይችለውንም ልንገራችሁ። ሳይበርፐንክ 2077 አሁን ዝቅተኛ ብሎ የሚጠይቀው ባለ 6 ጊጋ ጂቲኤክስ 1060 ነው፤ የኔ ከዚያ በታች ነው። እ.ኤ.አ. በ2025 የወጣው ዱም ዘ ዳርክ ኤጅስ ደግሞ ሬይ ትሬሲንግ (ይህ ካርድ የሌለው የብርሃን አሰራር) የግድ ስለሚል ጭራሽ አይከፈትም። አዳዲስ ትልልቅ ጌም የሚያሳድድ ሰው ይህን ካርድ አይግዛ።

ፒንግም፣ ማለትም ከሰርቨሩ ጋ ደርሶ ለመመለስ የሚፈጀው ጊዜ፣ ካርድ አይፈታውም። የቫሎራንት ቅርብ ሰርቨር ከአገር ውጭ ነው፤ ርቀቱ ርቀት ነው። ግን ዋይፋዩን ትቼ ከራውተሩ በኬብል ስገናኝ የፒንጉ መዝለል ቆመልኝ። አንድ ኬብል ነው፣ ርካሽ ነው፣ ግዙት።

ኤስኤስዲ ላይ አትስስቱ። ዛሬ አንድ ጌም ብቻውን 100 ጊጋ ይይዛል። እኛ ደግሞ ሁሉንም አናወርድም፤ ጓደኛ ጋ ሃርድ ዲስክ ይዘን ሄደን እንቀዳለን። በህጋዊ መንገድ የገዛችሁት የስቲም ጌም ከሆነ ጓደኛችሁ ያወረደውን ፎልደር ቀድታችሁ እናንተ ስቲም ውስጥ አስቀምጡትና «ኢንስቶል» በሉት። ስቲም ያለውን ፋይል አይቶ የጎደለውን ብቻ ያወርዳል። ብዙ የኢንተርኔት ጥቅል አተርፌበታለሁ።

ማውሱ ሎጂቴክ ጂ 102 ነው። ባለ ኬብል፣ 85 ግራም፣ እጄ ላይ ልክ ነው። ከዚህ በላይ ለመክፈል ምክንያት አላየሁም። ኪቦርዱ ሜካኒካል ነው፤ አንዷ ቁልፍ ሁለቴ መጻፍ ጀምራ ነበር፤ ስዊቹ ተነቅሎ የሚቀየር ስለሆነ በሌላ ቀየርኳት። ስትገዙ ይሄኛውን ዓይነት ጠይቁ፤ ደሴ ላይ ብየዳ ለምኖ ከመሄድ ያድናል። ለእግር ኳስ ጆይስቲክ ይሻላል። የፕሌይስቴሽን 4 ጆይስቲክ ያለው ሰው አዲስ አይግዛ፤ በስቲም በኩል ያው ይሰራል።

ሞኒተሬ 60 ኸርዝ የቢሮ ሞኒተር ነው። አንድ ፍሬም በ16.7 ሚሊ ሰከንድ ይመጣል፤ በ144 ኸርዝ 7 እንኳ አይሞላም። ተኩስ ለሚጫወት ልዩነቱ ዓይን ላይ ይታያል፤ ጓደኛዬ ጋ አይቼዋለሁ። ቀጣዩ የምቀይረው ዕቃ እሱ ነው።

ዛሬ እንደ አዲስ ብገዛ ግን ሁለት ነገር እቀይር ነበር። አንደኛ፣ ዊንዶውስ 10 ድጋፉ እ.ኤ.አ. በኦክቶበር 2025 አብቅቷል። አይ 5-7500 ደግሞ ዊንዶውስ 11 በሚቀበላቸው ፕሮሰሰሮች ዝርዝር ውስጥ የለም። ስለዚህ 8ኛ ትውልድ ያለውን ኦፕቲፕሌክስ 7060 እፈልጋለሁ። አይ 5-8500 ባለ 6 ኮር ነው፤ ካውንተር ስትራይክ ላይ ያልኩትን ድካምም ያቃልላል። ሁለተኛ፣ እ.ኤ.አ. በ2024 የወጣው ባለ 6 ጊጋ አርቲኤክስ 3050 70 ዋት ብቻ ነው የሚበላው። ከኔው 1650 ያንሳል፤ ጉልበቱ ግን ይበልጣል። ልብ በሉ፣ ባለ 8 ጊጋው 3050 130 ዋት ነው። ስማቸው አንድ ይሁን እንጂ ለኛ ሳጥን የሚሆነው ባለ 6ቱ ብቻ ነው።

ከአዲስ አበባ የምታስመጡ ከሆነ ካርዱ ሳጥኑ ውስጥ ተሰክቶ እንዳይመጣ። ደሴ ድረስ 400 ኪሎ ሜትር ነው፤ በጣርማ በር ቁልቁለት ሲንገጫገጭ መሰኪያውን ይጎዳዋል። አስነቅሉትና በራሱ ካርቶን አድርጋችሁ ጭናችሁ ላይ ያዙት።