ማካሮቭ ለጀማሪ ተኳሽ ምን ያህል ይስማማል?

በኮምቦልቻ የፋብሪካ ጥበቃ ሠራተኞችን ስለማሠለጥን፣ ሽጉጥ ይዘው የማያውቁ ሰዎች የትኛውን ቢለምዱ እንደሚሻል ደጋግመው ይጠይቁኛል። ጠያቂው በጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177/2012 መሠረት ፈቃድ ያለው መሆኑን ካረጋገጥሁ በኋላ የምሰጠው መልስ ማካሮቭ የሚል ነው።

ማካሮቭ የሶቪየት ኅብረት ጦር እ.ኤ.አ. በ1951 የተቀበለው፣ ካዝናው 8 ጥይት የሚይዝ፣ ክብደቱም 730 ግራም ገደማ የሆነ ሽጉጥ ነው። የምመርጠው ከሁሉ በፊት በመቆለፊያው ነው፤ በተንሸራታቹ ብረት ግራ በኩል ያለችው ትንሽ ማንሻ ወደ ላይ ስትገፋ፣ የተወጠረው መዶሻ ጥይቱን ሳይመታ ይወርድና ሽጉጡ ይቆለፋል። ስለዚህ ጥይት ያቀባበለ ጀማሪ ምላጩን ሳይነካ መሣሪያውን ማብረድ ይችላል። ሌላው የሶቪየት ሽጉጥ ቶካሬቭ ግን በመጀመሪያ አሠራሩ መዶሻውን በግማሽ ከማቆም በቀር መቆለፊያ የለውም፤ መዶሻውን በአውራ ጣት ሲያወርዱ ጣት ካዳለጠ የሚሆነውን መገመት አያዳግትም። ጩኸቱም ጀማሪን ስለሚያስበረግግ ምላጩን ከመሳቡ በፊት ዓይኑን ይጨፍናል። ግሎክ 17 ድንቅ መሣሪያ ቢሆንም፣ በእጅ የሚዘጋ መቆለፊያ ስለሌለው ጣቱን ከምላጭ ማራቅ ባልለመደ ሰው እጅ ባይገባ እመርጣለሁ።

ማካሮቭ ነቀፋ የለበትም ማለት አይደለም። መዶሻው ሳይወጠር ሲተኮስ ምላጩ ረዥምና ከባድ ስለሆነ፣ የጀማሪው የመጀመሪያ ጥይት ብዙ ጊዜ ከዒላማው በታች ያርፋል። ማነጣጠሪያው ትንሽ ነው። ካዝናውን የሚይዘው መንጠቆ በእጀታው ግርጌ ስለሚገኝ ካዝና ለመለወጥ ሌላኛው እጅ ያስፈልጋል፤ ይህ ለልምምድ ብዙም አይጎዳም።

ጥይት ሲገዛ ግን «9 ሚሊ» የሚለው ስም ብቻውን አይበቃም፤ የማካሮቭ ቀለህ 18፣ የግሎክ 17 ደግሞ 19 ሚሊ ሜትር ርዝመት ስላለው አንዱ ለሌላው አይተካም።

የደሴ ክረምት ርጥበት ስለሚበዛበት ሽጉጡን በጨርቅ ጠቅልሎ መሳቢያ ውስጥ መርሳት ዝገት መጋበዝ ነው። ለማጽዳት ካዝናው ወጥቶ ጥይት አለመቅረቱ ከታየ በኋላ የምላጩ ቀለበት ወደ ታች ተስቦ ተንሸራታቹ ብረት ይነሣል፤ በርሜሉ ከአካሉ ጋር ቋሚ ስለሆነ ከዚህ በላይ መፍታት አያስፈልግም። ያገለገለ የሚገዛ ሰውም በዚሁ መንገድ ያስፈታውና በርሜሉን በብርሃን ይመልከት፤ በውስጡ የተቀረጸው ጥምዝማዛ መስመር ደብዝዞ ወይም ዝገት በልቶት ካገኘው፣ ዋጋው ቢረክስም ይተወው።